ፊቷን ወደ ውጭ ያዞረች ግሥ

በየመንደሩ የሰውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ አንድ ሰው አይታጣም። ታውቁታላችሁ። ድግስ ሲኖር እንጨት የሚፈልጠው፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክለው፣ በሬ ገደል ሲገባ «ኧረ ጥሩት!» የሚባለው እርሱ ነው። ስሙን ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል፤ ሲያርፍ ግን ያየው የለም። በየቋንቋውም እንዲህ ያለ አንድ ግሥ አለ ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ከግሥ ጋር የፈጀሁ ሰው ነኝና በዚህ ብቻ እመኑኝ። እስቲ የራሳችንን ተመልከቱ። ሰው ሥራ ይይዛል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ቂም ይይዛል፤ ብርድ ደግሞ ሰውን ይይዘዋል፤ እሳት እንጨቱን፣ ቀለም ልብሱን ይይዘዋል። ያቺ አንዲት «ያዘ» ይህን ሁሉ ስትሸከም አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» ብላ አታውቅም። እኛም አዝነንላት አናውቅም።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ የጓሳን የሣር ሜዳ በሩቁ ከሚያይ አንድ ደብር ቅኔ አስተምራለሁ፤ የአገሩ ሰው «የኔታ» ይለኛል። ወደ እኔ የሚመጣ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የግእዝን ግሥ ነው። ቀተለን፣ ቀደሰን፣ የቀሩትንም አርእስት ይዞ፣ ከእነርሱ ኋላ የሚሰለፈውን ሠራዊት ሁሉ በቃሉ ያረባል፤ ግሡ ስንት ትርጉም እንዳለው፣ ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ ይመረምራል። በዚህ ሥርዓት ተይዞ ያልተገራ ግሥ አላየሁም። ይህንንም በልቤ ብቻ ሳይሆን በአደባባይ ጭምር እናገረው ነበር፤ ትዕቢት እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እግዚአብሔር ታዲያ ትዕቢቴን ሊያበርድ በወደደ ጊዜ መልአክ አልላከብኝም። የእንግሊዝ ግሥ ላከብኝ።

አመጣጧ እንዲህ ነው። አስካለ የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በእኔ ቤት አድጋለች፤ «አባባ» ትለኛለች፤ እኔም «ልጄ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለኝም። ትምህርት ቤት የገባችው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ የሚሉት መስኮት በተሰቀለበት ዘመን ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን እንደ ሐምሌ ጐርፍ ያወርደዋል፤ ተማሪው ገባው አልገባው ዞሮ አያይም፤ እጅ ቢወጣለት አይጠራም፤ ሰዓቱ ሲሞላ ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኛ ተማሪ ያልገባውን ነገር ሰባት ጊዜ ደግመን፣ በስምንተኛው ብቻ የምንቈጣ ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን መምህር ስንሰማ እናማትባለን። አስካለ ዐሥረኛ ክፍልን በዚያ ጐርፍ ዳር ቆማ ጨረሰች፤ ውጤቷም ሳያሻግራት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ገብስ አብራን አጨደች፣ በግ ሸጠች፣ የማኅበር ጠላ ጠመቀች። እኩዮቿ ግን አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር መሄድ ጀመሩ። እርሷም ፓስፖርት አወጣች። ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጣ ደላላም «ከጥምቀት በኋላ ትበሪያለሽ» አላት። ይህን የሰማሁ ዕለት ማኅሌት ላይ ቆሜ የማውቀው ዜማ ጠፋኝ፤ የደብሩ ሰው ሽምግልና መስሎት አዘነልኝ።

ወዲያው በጓሳ የሚገኘው የሕዝብ የእንግዳ ማረፊያ አንድ አስጐብኚ እንደሚፈልግ ተሰማ። አስካለ ማመልከቻዋን አስገብታ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አባባ፣ ይህን ሥራ ካገኘሁ የትም አልሄድም» አለችኝ። «ካላገኘሁ ግን፣ በእመቤታችን፣ እንዳይይዙኝ።»

«ፈተናው በምንድን ነው?»

«በእንግሊዝኛ።»

እኔ የእንግሊዝኛን ፊደል አንዲቷንም ለይቼ አላውቅም። ቢሆንም ግሥ ግሥ ነው አልሁ በልቤ። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ለእርሷ እንጀራ ከማሰብ ይልቅ ለራሴ ብቸኝነት ፈርቼ ነበር። «ከሁሉ የሚያስቸግርሽ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሁሉም ያስቸግራል። ቴክ የምትባለዋ ግን ከሁሉም ትብሳለች። በዞርሁበት አገኛታለሁ፤ ባገኘኋት ቍጥር ሌላ ሆና ነው።»

«አምጪያት» አልሁ። «እናርባት።»

ከመምህሯ የተዋሰችውን መዝገበ ቃላት ከማስተምርበት ዛፍ ሥር ዘርግታ «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» ብላ ጀመረች።

«ተዪ፣ ተዪ! በሥርዓቱ በዪ። የግሥ ራሱ ያለፈው ነው፤ ከቱክ ጀምሪ።»

«አባባ፣ መጽሐፉ እኮ ከቴክ ነው የሚጀምረው።»

«መጽሐፉ ይታረማል።»

እንዴት እንደ ደነቀኝ አትጠይቁኝ። እኛ ግሥን ስንጠራ «ቀተለ» ብለን ከተፈጸመው፣ ካለቀውና ከደቀቀው ነገር እንጀምራለን፤ እነርሱ ግን ገና ካልተሠራው ይጀምራሉ። እነርሱ አውሮፕላን የሚሠሩት፣ እኛ ታሪክ የምናወራው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ትርጉሟን ስትነግረኝ ግን ልቤ ረጋ። የእኛው «ነሥአ» ናት፤ ወሰደ፣ ተቀበለ፣ አነሣ ማለት። ይህ በቅዳሴ፣ ካህኑ ኅብስቱን በሚያነሣበት ሰዓት የሚሰማ የከበረ ግሥ ነውና፣ እንግዳዪቱን በአክብሮት ተቀበልኋት። ክብሯ ግን ብዙ አልቈየም።

«መድኃኒት ቴክ ይደረጋል» አለች አስካለ።

«መልካም፤ እኛ እንውጣለን፣ እነርሱ ይወስዳሉ።»

«ፈተናም ቴክ ይደረጋል።»

«ተፈታኙ ፈተናውን ይወስደዋል? ወዴት?»

«አውቶቡስም ቴክ ይደረጋል።»

«አውቶቡሱን? ሾፌሩስ ዝም ይላል?»

«ተሳፍሮ መሄድ ማለት ነው እኮ፣ አባባ! ደግሞ መቀመጫ ቴክ አድርግ ካሉ፣ ተቀመጥ ማለት ነው።»

«ይህንስ ለሞላሌ ሰው እንዳትነግሪው፤ በርጩማውን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል።»

እናቷ የሞላሌ ሰው ናትና ወገኗን ስለ ነካሁባት መጽሐፉን ከደነችብኝ፤ እየሣቀች ነበር። ቀጥላ ግን «ፎቶም ቴክ ይደረጋል» ስትለኝ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። እኛስ ፎቶ «ማንሣት» አይደል የምንለው? ይህ አነሣ ከየት መጣ? ከነሥአ! እንግሊዙና አማራው ሳይመካከሩ፣ ለአንድ ሥራ ከአንድ ቤት ግሥ መረጡ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ይህን ነገር ለዲያቆናቱም፣ ለዕቃ ቤት ጠባቂውም፣ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ለመጣ አንድ ምስኪን አባትም ነግሬአለሁ። ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ፤ ልጁ ግን እያለቀሰ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ሠላሳኛው ትርጉም ላይ ስንደርስ መቍጠር ተውን። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ቴክ እኅት አለቻት፤ ብሪንግ ይሏታል። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣውን ሁሉ የምታመጣ ብሪንግ ናት፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደውን ሁሉ የምትወስድ ቴክ። አንዷ በሌላዪቱ ቦታ አትገባም፤ የገባች እንደ ሆነ ነገሩ ይፈርሳል። እንግዲህ ልጄን በአገሯ ታስቀርልኛለች ብዬ ቀን ከቀን የማረባት ግሥ ፊቷን ወደ ውጭ ያዞረችቱ ነበረች። «ብሪንግን ብናረባ አይሻልም?» አልኋት። «አስጐብኚ ሰው ይወስዳል እንጂ አያመጣም፣ አባባ» አለችኝ። ትክክል ናት። ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ ደስ ያሰኛል ያለው ማን ነው?

ቀኑ ሲቃረብ አስካለ ሌላ ጭንቅ ገባት። «ጥያቄ ሲመጣብኝ ሠላሳው ትርጉም በአንድ ጊዜ አፌ ላይ ይሰለፋል፤ ከዚያ ምላሴ ይታሰራል» አለች። እኔም የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ነገርኋት። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣውን አይናገርም። ደበሎውን በራሱ ላይ ይከናነብና፣ ከሰው ተለይቶ ሣር ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንንም አያይም፣ ማንም አያየውም፤ ቃሉን ሲፈታ፣ ሲቋጥር፣ ሲያወጣ፣ ሲያገባ ይቈያል። ይህን ቆጠራ እንለዋለን። ሲሰምርለት ተነሥቶ ወደ መምህሩ ይመጣና እጅ ነሥቶ ይናገራል። እንግዲህ ይህን የነገርኋት ለምክር ያህል ነበር፤ አትቸኩይ፣ ረጋ በዪ ለማለት። ምክር ስትሰጡ ተቀባዩ እስከ የት ድረስ እንደሚወስደው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የፈተናው ዕለት እኔም በበቅሎ ተጭኜ፣ ከሽማግሌዎች ወገን ታዛቢ ሆኜ ጓሳ ወጣሁ። ተፈታኞቹ አምስት ነበሩ። የማረፊያው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደምሰው ሁላችንንም ከአንድ ጕብታ ላይ አቆመን። ጠያቂው፣ ማረፊያውን ለመርዳት የመጣ፣ ቁመቱ እንደ ቋሚ የረዘመ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ በአንገቱ ላይ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን የሚያህል ካሜራ አንጠልጥሏል። አቶ ደምሰው እንደ ነገረኝ፣ ሰውየው ቀይ ቀበሮን ከቅርብ ፎቶ አነሣለሁ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ብርድ ሲያንዘፈዝፈው ከርሞ፣ ያገኘው ጅራት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወጣቶች ከተማ ሠልጥነው የመጡ ናቸው። ፈረንጁ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ያፈስሱት ነበር፤ ፕላዝማው ሥጋ ለብሶ የመጣ መሰለኝ። ሦስተኛዋ አስካለ ናት። ፈረንጁ ጐንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት። ከጥያቄው ውስጥ እኔም ያወቅኋት አንዲት ቃል ጥልቅ አለች። ቴክ! «ጐሽ» አልሁ በልቤ። «መጣችልሽ።»

አስካለ ፈረንጁን አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ራሷን ጭምር ተከናነበችና፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ቍልቍል አርባ እርምጃ ያህል ሄዳ ጓሳው ሣር ውስጥ ቍጭ አለች። ሣሩ ዋጣት።



«የኔታ፣ ልጅቱ ምን ነካት? አመማት እንዴ?» አለ አቶ ደምሰው።

«ደኅና ናት። ቆጠራ ላይ ናት።»

«ምን የሚቈጠር ነገር አገኘች?»

«መልሷን።»

«በእግዚአብሔር! ፈረንጅ አቁማ?» አለና ዐይኑን ጨፈነ። ከወጣቶቹ አንዱ «ወደ ቤቷ ሄደች መሰለኝ» ሲል ሌላው ሣቀ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ያሳደገችኝ ቅኔ ቤት ያሳደግኋትን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ስትሸኛት ቆሜ የማይ መሰለኝ፤ ደግሞ መንገዱን ያሳየኋት እኔው ራሴ። ሄጄ ልጠራት ፈለግሁ፤ ግን ከቆጠራ ላይ ተማሪ መጥራት ነውር ነውና አርባ ዓመት የለመድሁት ሥርዓት እግሬን ያዘኝ።

ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። ጕሮሮውን ጠረገ። ሁለተኛ ሰዓቱን ሊያይ ክንዱን ሲያነሣ ግን ክንዱ በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ እንደሚሰግድ ሰው በጕልበቱ ተንበረከከ።

ሁላችንም ወደሚያይበት አየን። ከአስካለ በስተቀኝ፣ በሣሩ መካከል፣ ቀይ ቀበሮ እየተራመደ ይመጣል። ያለ አንዳች ጥርጥር፣ በገዛ ጓሮው እንደሚዞር ባለቤት ነበር። አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ጆሮውን ወደ መሬት ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ሌላ እርምጃ ይራመዳል። ከአስካለ ሦስት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆሞ ነጠላዋን አየ። ድንጋይ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወደ ላይ ዘለለ፤ ሲወርድ በአፉ አይጥ ይዞ ነበር። እዚያው ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ሳይጣደፍ በላ። ካሜራው እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ፈረንጁ ፎቶ ሲያነሣ፣ እንባውም በጕንጩ ላይ ይወርድ ነበር፤ ብርድ ይሁን ደስታ እግዜር ይወቅ።

አስካለ ስትቆም ቀበሮው ሮጠ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ መጣች፤ በሥርዓቱ እጅ ነሣች፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ፣ ሦስት ነገር ተናገረች። እኔ ምኑንም አልሰማሁ፤ ቴክ ግን ሦስት ጊዜ ስታልፍ ቈጠርኋት። ፈረንጁ ወደ ኋላው ተንጋልሎ እስኪንከባለል ሣቀ፤ ተነሥቶም ሁለት እጇን ጨበጣት።

በኋላ ተረጐመችልኝ። ጥያቄው «ለአንድ ቀን ብቻ የመጣ እንግዳ ብሆን ወዴት ትወስጂኝ ነበር?» የሚል ነበር። እርሷም «ወደዚህ እወስድዎታለሁ፤ መቀመጫ ይያዙ እልዎታለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል» ብላ መለሰች። ሦስቱም በዚያችው በአንዲት ግሥ።

«ቀበሮውን እንዴት አመጣሽው?» ብሎ ጠየቃት አቶ ደምሰው በዚያው በጕብታው ላይ።

«የቱን ቀበሮ?» አለች አስካለ።

አላየችውም! በጓሳ ከነበርነው ሁሉ ቀይ ቀበሮን ሳታይ የዋለች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ተከናንባለቻ። ፈረንጁ ግን ይህን አላወቀም። ሌሎቹ ሲያወሩ ይህች ልጅ አፍ ዘግቶ መቀመጥን አሳየችኝ፣ አራዊቱን የምታውቅ እርሷ ናት፣ ይላል። ኅሊናዬ ወጋኝ። ዝም ማለት ሐሰት ይሆን? ብዬ አወጣሁ አወረድሁ፤ በመጨረሻም አቶ ደምሰውን ወደ ጐን ጠርቼ «ልጅቱ እኮ ቅኔ ቤት እንደምናደርገው መልሷን ልትቈጥር ነው የተቀመጠችው፤ ቀበሮው በራሱ ጕዳይ ነው የመጣው፤ ለሰውየው እውነቱን ንገረው» አልሁት።

«የኔታ፣ ዝርዝሩን ቢተዉት ምን አለ?»

«ንገረው፤ ካልነገርኸው ባስተርጓሚ እኔው እነግረዋለሁ።»

አቶ ደምሰው እያጕረመረመ ነገረው። ፈረንጁ ሰምቶ፣ ወደ እኔ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ አጐነበሰልኝ። ለካ እውነቱ ይበልጥ አስደሰተው፤ «ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አላችሁ ወይ! በእኛ አገር ከትምህርት ቤት ሁሉ ከልክ በላይ የቈየው እርሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኖ አስካለ ሥራውን አገኘች። ደላላው ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት፤ መልእክተኛውን በሁለተኛው ጊዜ ቀበሮ ልታሳየው ጓሳ ይዛው ሄደች ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ዛሬ በዚያ መንገድ ብታልፉ፣ አራት አምስት ፈረንጅ ጋቢ ተከናንቦ፣ እያንዳንዱ በየሣሩ ተለያይቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ታያላችሁ። ከዘመሮ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች «የኔታ፣ እነዚህም ደቀ መዛሙርትዎ ናቸው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በልቤ ግን ከእነዚያ መካከል አንዱ ሳያስበው ቅኔ እንዳይመጣለት እፈራለሁ።

የእኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። አቶ ደምሰው ባለፈው መስከረም ሰው ልኮ አስጠራኝ። እንግዳው ስለ በዛ ሌሎች አራት አስጐብኞች ይቀጠራሉና፣ በዚያን ቀን የወደቁትን አራቱን ወጣቶች «አስካለን እንዳስተማሩልን እንግሊዝኛ ያስተምሩልን» አለኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም አልሁት። «እርሷም ስትጀምር አታውቅም ነበር» አለኝ። እሺ አልሁ። ሠላሳ ያህል ትርጉም ያላት አንዲት ግሥ አለችኝ፤ በእኛ ሥርዓት ይህ ለአንድ በጋ አያንስም። ከቱክ ጀምረን እናረባለን፤ ከዚያ ሁሉም ተከናንቦ ወደየሣሩ ይሄዳል፤ እኔም በዛፉ ጥላ ሥር ዳዊቴን እደግማለሁ።

ትናንት ታዲያ፣ ከእነዚያ ከተማ ከሠለጠኑት አንደኛው፣ ክንብንቡን ገለጥ አድርጎ መጣ።

«የኔታ፣ ከቴክ ጋር ሦስት ወር ሆነን እኮ። ሁለተኛውን ግሥ መቼ ነው የምንጀምረው?»

«ምን አስቸኰለህ?» አልሁት። «ልትሄድ ነው እንዴ?»